የመሸታ ቤቱ ዋንጫ

በለንደን ከተማ ኢዝሊንግተን በሚባለው ሠፈር ሮያል አግሪካልቸራል ሆል የተሰኘ ግዙፍ አዳራሽ በ1862 ተሠርቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዳራሹ የታነጸው የሰቡ ከብቶችና የእርሻ መሣሪያዎች ለሕዝብ እንዲታዩበት ነው። በ1939 ግን 14,534 ሰዎች ወደዚሁ አዳራሽ የጎረፉት ከብት ለማየት አልነበረም። ሁለት ሰዎች በየተራ እየቆሙ፣ ከጣት ብዙም የማይበልጡ ፍላጻዎችን ወደ አንድ ክብ ሰሌዳ ሲወረውሩ ለማየት ነበር የመጡት። የሰሌዳው ስፋት ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከአዳራሹ ጥግ ለተቀመጠ ተመልካች ፍላጻው የት ላይ እንዳረፈ በዐይኑ መለየት የማይታሰብ ነው። ይሁን እንጂ ሰው መጣ፤ ወንበሩም ሞላ።

በዚያ ቀን ማርማዱክ ብሬከን የተባለው ሰው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረውን ጂም ፓይክን 2 ለ 1 አሸነፈ። የአሸናፊው ስም በጋዜጣ ሲታተም ብቻውን አልወጣም። ከስሙ ቀጥሎ ‹ጆሊ ሴይለር፣ ሃንዎርዝ› የሚል ተጽፎ ነበር። ጆሊ ሴይለር፣ ማለትም ‹ደስተኛው መርከበኛ›፣ ሰውዬው የተወከለበት መሸታ ቤት ስም ነው። በዚህ ውድድር ሥርዐት ተጫዋች ያለ ቤቱ አይቆጠርም ነበር። ‹ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ› በተባለው የእሑድ ጋዜጣ ስም የሚጠራው የዳርት ሻምፒዮና ለመነሣቱም፣ ለመስፋፋቱም፣ በመጨረሻም ለመክሰሙ ምክንያቱ ከዚችው ከስም ቀጥላ ከምትጻፈው የቤት ስም ጋር የተያያዘ ነው።

እንግሊዞች ‹ፐብ› የሚሉት መሸታ ቤት በተለይ በፋብሪካና በማዕድን ሠፈሮች ከመጠጥ መሸጫነት ያለፈ አገልግሎት ነበረው። ወዛደሩ ከነቤተሰቡ የሚኖርባቸው ክፍሎች ጠባብና ቀዝቃዛ ስለነበሩ፣ እሳት የሚነድበትና መብራት የሚበራበት መሸታ ቤት እንደ ሳሎን ሆኖ ያገለግለው ነበር። የሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ፣ የቀብር እድር፣ የእግር ኳስ ቡድን ምርጫ፣ ሁሉም በዚያው ይካሄዳል። ከቢራው ጎን ጨዋታ አይታጣም፤ ዶሚኖ፣ ካርታ፣ ቀለበት ውርወራ፣ በርቀት የተደረደሩ እንጨቶችን በኳስ ወይም በዱላ መትቶ መጣል፣ እያንዳንዱ አውራጃ የየራሱ ነበረው። ዳርት ከእነዚህ አንዱ ነው። ጨዋታው ከጥንት የእንግሊዝ ቀስተኞች በቀጥታ የወረደ ነው የሚለው ትረካ በብዙ መጻሕፍት ቢደጋገምም ማስረጃው እጅግ ቀጭን ነው። ይልቅስ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከፈረንሳይ ይመጡ የነበሩ፣ አካላቸው ከእንጨት ጅራታቸው ከላባ የተሠራ ፍላጻዎች በየበዓሉ ሜዳ ይወረወሩ እንደነበር የታወቀ ነው፤ መሸታ ቤቱም ከዚያ የወሰደው ይመስላል።

የጨዋታው ሕግ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመፈጸም ግን አዳጋች ነው። ሰሌዳው እንደ ተቆረሰ ዳቦ ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተሰጣቸው ሃያ ክፍሎች አሉት። በዳሩ ላይ ያለው ቀጭን ቀለበት ቁጥሩን በእጥፍ ያስቆጥራል፤ በመካከል ያለው ሌላ ቀለበት ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ እምብርቱ 50፣ በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ክብ 25 ነው። ተጫዋቹ በአንድ ተራ ሦስት ፍላጻ ይወረውራል። ከ501 ተነሥቶ ያገኘውን ነጥብ እየቀነሰ በትክክል ዜሮ ላይ መድረስ አለበት፤ የመጨረሻይቱ ፍላጻም የግድ በእጥፉ ቀለበት ወይም በእምብርቱ ላይ መሰካት ይኖርባታል። እንግዲህ ሰው ሲመራ ቆይቶ፣ በዚያች ከአንድ ጣት ስፋት በማትበልጥ ቀለበት ፊት እጁ እየራደ የሚሸነፈው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቁጥሮቹም አቀማመጥ ተንኮል አለበት። ትልቁ ቁጥር 20 በ1 እና በ5 መካከል፣ 19 በ3 እና በ7 መካከል፣ 18 በ1 እና በ4 መካከል፣ 17 ደግሞ በ2 እና በ3 መካከል ተቀምጠዋል። ለትልቅ ቁጥር ስስት የሚያድርበትና እጁ ጥቂት የሚዛነፍበት ሰው ወዲያው ቅጣቱን ያገኛል። ይህን ያሰላው ብራያን ጋምሊን የሚባል የላንካሽር አናጢ ነው፣ ዘመኑም 1896 ነው እየተባለ ቢነገርም ተመራማሪዎች የሚያረጋግጥ ሰነድ አላገኙለትም። ያሰላው ማንም ይሁን ማን፣ የሰውን ልጅ ጠባይ በሚገባ የተረዳ ሰው ነበር።

ሰሌዳው ራሱ ለብዙ ዘመን የሚሠራው ከዛፍ ግንድ ነበር። ‹ኤልም› የተባለውን ዛፍ በክብ ቆርጦ፣ በሽቦ ከፋፍሎ፣ በግድግዳ ላይ መስቀል ነው። የመሸታ ቤቱ ባለቤት ማታ ሲዘጋ ሰሌዳውን አውርዶ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ እንጨቱ ሲያብጥ የፍላጻው ቀዳዳ ይደፈናል። ይህ ሳይደረግ የቀረ እንደሆነ ሰሌዳው ይሰነጠቃል። በ1920ዎቹ ‹ኖዶር› የተባለው ኩባንያ ሽታ ከሌለው ሰው ሠራሽ ጭቃ ሰሌዳ መሥራት ጀመረ፤ የኩባንያውም ስም ‹ሽታ የለሽ› ከሚለው የእንግሊዝኛ አነጋገር የመጣ ነው። ተጫዋቾች ግን ፍላጻ እንጨት ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ የለመዱ ስለነበሩ ጭቃውን አልወደዱትም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይኸው ኩባንያ በቃጫ መጣ። የቃጫ ጭረቶች ተጠቅልለውና በኀይል ተጨምቀው ሲቆረጡ ፍላጻው ጭረቶቹን ገለል አድርጎ ይገባል፤ ሲነቀል ጭረቶቹ ተመልሰው ይገጥማሉ። ለገመድና ለጆንያ የሚውለው ይህ የአፍሪካ የእርሻ ውጤት የእንግሊዝን መሸታ ቤት ግድግዳ ያዘ፤ እስከ ዛሬም የያዘው እርሱ ነው።

ጨዋታው ግን ሁልጊዜ የተወደደ አልነበረም። የእንግሊዝ ሕግ በመሸታ ቤት ውስጥ የዕድል ጨዋታ እንዳይካሄድ ይከለክል ነበር፤ ፈቃድ ሰጪዎቹም ዳርትን በዕድል ጨዋታነት ይጠረጥሩት ነበር። በዚህ ረገድ በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1908 በሊድስ ከተማ አንድ የመሸታ ቤት ባለቤት ዳርት አጫውተሃል ተብሎ ይከሰሳል። አንድ ጎበዝ ተጫዋች ይዞ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሰውዬው በዳኞቹ ፊት ሦስቱንም ፍላጻዎች በ20 ላይ ይሰካል፤ እንደገናም ወርውሮ ይደግመዋል። ከችሎቱ ማንም ይህን ማድረግ ስላልቻለ ጨዋታው የችሎታ እንጂ የዕድል አይደለም ተብሎ ይፈረዳል። ታሪኩ ውብ ነው፤ ዳሩ ግን የፍርድ ቤት መዝገብ አልተገኘለትም። ሠራተኛው ሕዝብ ጨዋታውን በባለሥልጣን ፊት ለማስከበር የነበረውን ምኞት ግን በሚገባ ያሳያል። ጥርጣሬው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ አልጠፋም። ለምሳሌ የግላስጎው ዳኞች በ1939 ዳርት አደገኛ ነው፣ ሥራ ፈቶችንም ይሰበስባል በማለት በመሸታ ቤት እንዳይደረግ አግደው ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቢራ ጠማቂዎቹ አመለካከት ተለወጠ። ሲኒማ ቤትና የዳንስ አዳራሽ ደንበኛቸውን እየነጠቁባቸው ስለሄዱ በመሸታ ቤቶቻቸው ውስጥ የሊግ ውድድር ማደራጀት ጀመሩ። በ1920ዎቹ አጋማሽ በለንደን ብሔራዊ የዳርት ማኅበር ተቋቋመ። በዚሁ ጊዜ ነበር ‹ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ› ወደ ጨዋታው የገባው። ጋዜጣው በ1843 የተመሠረተ ሲሆን፣ የወንጀልና የቅሌት ወሬ በስፋት በማተም የሚታወቅ፣ በወዛደሩ ሠፈር እሑድ እሑድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነበር። ዓላማው ንግድ መሆኑ አያጠያይቅም፤ አንባቢው በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ስሙ በየግድግዳው እንዲለጠፍለት ፈልጎ ነው። ሆኖም ነጋዴ ለራሱ ጥቅም የጀመረው ነገር ከነጋዴው አሳብ ውጭ የሕዝብ ሆኖ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

የመጀመሪያው ውድድር በለንደንና በአካባቢው ብቻ ተካሂዶ በግንቦት 1927 በሆልበርን አዳራሽ ተፈጸመ። አንድ ሺሕ ያህል ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ያሸነፈው ሳሚ ስቶን ነው። ዕድሜው 49፣ በቦር ጦርነት የዘመተ፣ የዘጠኝ ልጆች አባት ነበር። ስፖርት የወጣትና የባለጸጋ በሆነበት አገርና ዘመን፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው የዘጠኝ ልጆች አባት ሻምፒዮን ሲባል ነገሩ ለሰፊው ሕዝብ ምን ትርጉም እንደነበረው መገመት አይከብድም። ቴኒስ ሜዳ ይፈልጋል፤ ክሪኬት ነጭ ልብስና ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ዳርት የሚፈልገው ሦስት ፍላጻና ጥቂት የማታ ሰዓት ብቻ ነው።

ውድድሩ በ1930ዎቹ ከለንደን ወጥቶ ወደ መካከለኛው እንግሊዝ፣ ወደ ዌልስ፣ ወደ ዮርክሽር፣ ወደ ላንካሽርና ወደ ሰሜን አገር ተዛመተ። በዚህ ረገድ ያመጣው አንድ ለውጥ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝ አንድ ሰሌዳ አልነበራትም። የማንቸስተር ሰሌዳ አነስ ያለና የቁጥሮቹም ተራ የተለየ ነበር፤ የዮርክሽሩ ሦስት እጥፍ የሚያስቆጥረው ቀለበት የለውም፤ በምሥራቅ ለንደን ደግሞ ክፍሎቹ ሰፋፊ የሆኑ፣ በአምስት አምስት የሚቆጠር ሰሌዳ ነበር። የመወርወሪያው ርቀትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጋዜጣው ግን ባለ ሦስት እጥፉን የለንደን ሰሌዳና የ8 ጫማ ርቀትን፣ ማለትም 2.44 ሜትር የሚያህለውን፣ ለሁሉም ደነገገ። በውድድሩ መሳተፍ የፈለገ የሰሜን አገር መሸታ ቤት የአባቶቹን ሰሌዳ ከግድግዳ አውርዶ የለንደኑን መስቀል ግድ ሆነበት። አንዳንዱ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቀለ። የማንቸስተርና የዮርክሽር ሰሌዳዎች ዛሬም በጥቂት ቤቶች ቢኖሩም ቅርስ ወደ መሆኑ ተቃርበዋል። ሕዝብን በአንድ ጨዋታ ያገናኘው ውድድር የየአካባቢውን ጨዋታ መግደሉ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው።

በታኅሣሥ 1937 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛና ንግሥት ኤልሳቤጥ በስላው ከተማ አንድ የሕዝብ መዝናኛ ማእከል ሲጎበኙ ዳርት ወረወሩ። ንግሥቲቱ 21፣ ንጉሡ 19 አገኙ። ጋዜጦች ይህን በሰፊው አራገቡት፤ ከዚያ ወዲያ ዳርት በመሸታ ቤቱ የወዛደር ክፍል ብቻ ሳይወሰን ምንጣፍ ወደተነጠፈበት የባለ ደመወዙ ክፍልም ተሻገረ። የቤተ መንግሥት ሰው ነካው ተብሎ ክብር መጨመሩ ያስተዛዝባል፤ ጨዋታው ክብሩን ያገኘው ከዚያ አስቀድሞ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ነበርና። ንግሥቲቱ ንጉሡን መርታታቸውን ሁሉም ቢያወራም፣ በጋዜጣው ዋና ውድድር የአሸናፊዎች ዝርዝር ውስጥ እስከ መጨረሻው የአንዲት ሴት ስም አልገባም። መሸታ ቤቱ ለወንዱ ሳሎን የሆነውን ያህል ለሴቷ አልነበረም።

በ1938 እና በ1939 መካከል በተካሄደው ውድድር በየአውራጃው የተመዘገበው ተወዳዳሪ ከ280 ሺሕ በላይ ደረሰ። በጽሑፉ መግቢያ የተጠቀሰው የኢዝሊንግተን ጉባኤ የዚያ ዓመት የለንደንና የአካባቢው ፍጻሜ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነት ፈነዳ። ውድድሩ ቢቋረጥም ጨዋታው አልተቋረጠም፤ ሰሌዳና ፍላጻ ከወታደሩ ጋር ወደ ጦር ሰፈር፣ በቀይ መስቀል በኩልም ወደ ምርኮኞች ካምፕ ሄደ። ሰላም ሲወርድ የተመለሰው ሠራዊት ከበፊቱ የበለጠ ዳርት የሚያውቅ ሠራዊት ነበር።

የውድድሩ ወርቃማ ዘመን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ1947 እስከ 1948 ለመጀመሪያ ጊዜ አገር አቀፍ ሆነ። አሠራሩ የሚከተለው ነው። በቅድሚያ እያንዳንዱ መሸታ ቤትና እያንዳንዱ የሠራተኞች ክበብ በራሱ ደንበኞች መካከል ያወዳድራል። ያሸነፈው የቤቱን ስም ይዞ ከጎረቤት ቤቶች አሸናፊዎች ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ሀገሩ፣ ከዚያ ወደ ቀጠናው ያልፋል። በመጨረሻ የስምንት ቀጠናዎች ሻምፒዮኖች ለንደን ላይ ይገናኛሉ። ከማታ ጨዋታ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተነሥቶ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ፊት መቆም የሚቻልበት መሰላል ነበር፤ ማንም ቢሆን ግን ከመጀመሪያው እርከን ሳይጀምር አይወጣበትም። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን እንኳ በራሱ ቤት ውስጥ ከጎረቤቱ ጋር ገጥሞ ማሸነፍ ነበረበት።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሻምፒዮን ሃሪ ሌድቤተር ከሴንት ሄለንስ የመስተዋት ፋብሪካ ከተማ፣ ዊንድል የሠራተኛ ፓርቲ ክበብ የመጣ ነበር። በፍጻሜው የገጠመው ቶሚ ስሞል ደግሞ በዌስት ሃርትልፑል የብረታ ብረት ፋብሪካ ክበብ ተወካይ ነው። የእነዚህን ዓመታት የአሸናፊዎች ዝርዝር ማንበብ የእንግሊዝን የኢንዱስትሪ ካርታ እንደ ማንበብ ይቆጠራል። በ1952 እና በ1958 ያሸነፈው ቶሚ ጊበንስ የደቡብ ዮርክሽር የድንጋይ ከሰል መንደር ከሆነችው ከኮኒስብሮ፣ አይቫንሆ ከሚባለው የሠራተኞች ክበብ ነው፤ ሁለት ጊዜ ለማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቶም ሬዲንግተን በ1955 ዋንጫውን ወደ ደርቢሽር ወደ ስቶንብሩም መንደር ‹ኒው ኢን› መሸታ ቤት ወሰደ፤ በ1960ም ደገመ። በተከታታይ ሁለት ዓመት ለማሸነፍ የመጀመሪያው ግን የለንደኑ ቶም ባሬት ሲሆን ጊዜውም 1964 እና 1965 ነው። በ1968 ቢል ዳዲ ዋንጫውን ወሰደ። በ1969 ያሸነፈው ባሪ ቱምሎ ዕጣው ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ አንድ የፍላጻ አምራች ኩባንያ ቀጥሮት ጨዋታውን እያሳየ በዓለም ዙሪያ ይዞር ጀመር።

እነዚህ ሰዎች ከውድድሩ የሚያገኙት ገንዘብ ኑሮ የሚለውጥ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የሚቀርላቸው ስም ነው፤ ስሙም የግላቸው ብቻ አልነበረም። ሻምፒዮን ያፈራ ቤት ለዓመታት በዚያው ይታወቃል፤ እንግዳ ሲመጣ የሚወረወርበትን ሰሌዳ ያሳዩታል፤ የጎረቤት መንደርም ያንን ቤት ለመርታት ሲል በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል።

ስለ ውድድሩ አሳጣሪ ሕግ መናገር ተገቢ ነው፤ ለኋላ ለተነሣው ጣጣ መነሻው እርሱ ነውና። ከመጀመሪያው የቤት ውስጥ ግጥሚያ እስከ ዋንጫው ድረስ እያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ዙር ብቻ ነበር፤ ሁለቱን ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። ጥሩ ተጫዋቾች አንዱን ዙር በጥቂት ደቂቃዎች ይጨርሱታል። ስለዚህ አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ደክሞ የደረሰበት ፍጻሜ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ፍላጻ ተዛነፈ ማለት ሌላ አንድ ዓመት መጠበቅ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ይህን ዋንጫ ለማግኘት ከክንድ ይልቅ ልብ ያስፈልጋል ይባል ነበር። ከ1948 እስከ 1990 በተካሄዱት 43 ውድድሮች ሁለት ጊዜ ያሸነፉት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አንድም የለም። ለታላቅ ተጫዋች ይህ የሚያንገበግብ ነው። በማይታወቅ መንደር ለሚኖር የማዕድን ሠራተኛ ግን በሩ ክፍት የሆነለት በዚሁ አጭርነት ነበር፤ በአሥራ አንድ ዙር የማይረታውን ሰው በሦስት ዙር ሊረታው ይችላልና።

ቴሌቪዥን የመጣው በዚህ መካከል ነው። በ1972 የ‹አይ ቲ ቪ› ጣቢያ ፍጻሜውን ለአገር አቀፍ ተመልካች አቀረበ። ከኮርንዎል የመጣው ብራያን ኔዘርተን የሮንዳ ሸለቆውን ዌልሳዊ አላን ኢቫንስን አሸነፈ። ነገር ግን ተመልካቹ ያስታወሰው የተሸነፈውን ነበር። ኢቫንስ አጭር፣ ቁጡ፣ ፍላጻው ሲሰካለት የሚዘል፣ ለካሜራ የተፈጠረ ሰው ነበር። የቴሌቪዥን ሰዎችም አንድ ነገር ተረዱ፤ የሰሌዳው ትንሽነት ለአዳራሽ እንከን ሲሆን ለስክሪን ግን ጸጋ ነው። ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ የተጫዋቹን ፊት፣ በሌላው ፍላጻውን ማሳየት ይቻላል። በኢዝሊንግተን ጥግ የተቀመጠው ሰው ያላየውን አሁን ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ አየው።

በጥር 1973 ኦሊ ክሮፍት በሰሜን ለንደን በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ሰዎች ሰብስቦ የብሪታንያ የዳርት ድርጅትን አቋቋመ። ድርጅቱ ጨዋታውን ከጋዜጣ እጅ አውጥቶ በክፍለ ሀገር ቡድኖችና በስፖንሰር ገንዘብ ያደራጀው ጀመር። በ1978 በኖቲንግሃም ከተማ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ በሲጋራ ኩባንያ ወጪ የመጀመሪያው የዓለም የባለሙያዎች ሻምፒዮና ተካሄደ። ያሸነፈው ሌይተን ሪስ ነው፤ ይህ ሰው በ1976 የጋዜጣው ውድድር ፍጻሜ ላይ በማንቸስተሩ ቢል ሌናርድ ተሸንፎ ነበር። በአዲሱ ሻምፒዮና ጨዋታው ረጅም ነው፤ ገንዘቡም ብዙ ነው፤ ርቀቱም ከ8 ጫማ ወደ 2.37 ሜትር ዝቅ ብሏል። ተጫዋቹም ራሱን እንጂ መሸታ ቤትን አይወክልም።

በዚያው በ1978 የጋዜጣውን ዋንጫ ስቴፋን ሎርድ የተባለ ስዊድናዊ ወሰደው፤ በ1980ም ደገመው። የእንግሊዝ መሸታ ቤት ጨዋታ በስቶክሆልም ሰው እጅ ሲወድቅ ማየት ለአንዳንዶች ቢከብድም የጨዋታው ድል እንጂ ሽንፈት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስሞች ግን ዝርዝሩ ጠባዩን መለወጡን ይናገራሉ። በ1979 ቦቢ ጆርጅ በመጨረሻው ምዕራፍ አንድም ዙር ሳያስነጥቅ አሸነፈ፤ በ1981 ጆን ሎው፣ በ1983 እና በ1984 ኤሪክ ብሪስቶ ተከተሉ። እነዚህ በሙያው የሚተዳደሩ፣ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታዩ ሰዎች ናቸው። በሕጉ መሠረት እነርሱም በአንድ ቤት ስም ተመዝግበው ከታች መነሣት ነበረባቸው፤ ነገር ግን ቤቱ የሚታወቀው በእነርሱ እንጂ እነርሱ በቤቱ አልነበረም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ውድድሩን የገደለው አጭርነቱ ነው፣ ታላላቆቹን በዕድል የሚያሸንፍ ሕግ ሊቆይ አይችልም ይላሉ። የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ግን ይህን አይደግፍም፤ ብሪስቶና ማይክ ግሬጎሪ በሁለት ሁለት ተከታታይ ዓመታት አሸንፈዋልና። ታላላቆቹ ማሸነፍ ይችሉ ነበር፤ የሚያስፈልጋቸው መሆኑ ግን ቀረ። ዓመታቸውን ሙሉ የሚሞላ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ገንዘብና ሌላ ማዕርግ ነበራቸው። በሌላ በኩል የማዕድን ጉድጓዶቹና የብረት ፋብሪካዎቹ በ1980ዎቹ እየተዘጉ ሲሄዱ ስማቸውን ተሸክመው ሰው ይልኩ የነበሩት ክበቦች ተዳከሙ። መሰላሉ ከላይም ከታችም ተነቀለ።

ከዚያ ወዲያ ውድቀቱ ፈጣን ነበር። አይ ቲ ቪ የስፖርት ፕሮግራሙን በ1985 አቋረጠ፤ በ1988 ደግሞ ዳርትን ከናካቴው ተወ። ሲጋራና ቢራ በመድረክ ላይ የያዘ፣ ሆዱ የገፋ ሰው ምስል ለማስታወቂያ ሰዎች የማይመች ሆኖ ነበር፤ አስቂኝ ፕሮግራሞችም መሳለቂያ አደረጉት። ያ ሰው የወዛደሩ መልክ እንደነበረ፣ የተሳለቁበትም ብዙዎቹ ከሌላ መደብ የመጡ እንደነበሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የጋዜጣው ውድድር በ1990 ፖል ኩክ ካሸነፈ በኋላ ቆመ። ከ1996 እስከ 1997 አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣ፤ ያሸነፈውም ቀድሞ በሴራሚክ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ፊል ቴይለር ነው። ከዚያ በኋላ አልተደገመም። ጋዜጣውም በሰዎች የስልክ መልእክት ጠለፋ ቅሌት ተነሥቶ ሐምሌ 10 ቀን 2011 የመጨረሻውን እትም አውጥቶ ተዘጋ። በ1950 ከስምንት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሸጥ የነበረ ጋዜጣ ነው።

በ1970ዎቹ የውድድሩ ፍጻሜ ይካሄድበት የነበረው የሰሜን ለንደኑ አሌግዛንድራ ፓላስ ዛሬም ዳርት አላጣም። ከታኅሣሥ 2007 ወዲህ የባለሙያዎች የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄደው በዚሁ አዳራሽ ነው። በጥር 2024 የ16 ዓመቱ ሉክ ሊትለር ለፍጻሜ ደርሶ በሉክ ሃምፍሪስ 7 ለ 4 ሲሸነፍ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ተከታተለው፤ በተከታዩ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ ሽልማቱም 500,000 ፓውንድ ነበር። ጨዋታው በደረጃው ከምንጊዜውም የላቀ መሆኑ አይካድም፤ ሳሚ ስቶን የዛሬውን የነጥብ ብዛት ቢያይ ባላመነ ነበር። ተጫዋቾቹ በሙዚቃና በመብራት ታጅበው ሲገቡ አስተዋዋቂው የቅጽል ስማቸውን ይጠራል። በኮኒስብሮና በሴንት ሄለንስ ዓይነቶቹ ከተሞች ደግሞ በሥራ ቀናት ማታ የአካባቢው ሊግ ይቀጥላል፤ በዚያ የነጥብ መመዝገቢያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እስካሁን በጠመኔ የሚጻፈው የሁለቱ ቤቶች ስም ነው።